በጥቁሩ ስክሪን ላይ የጊፋታ እሳት

ባዶ ግድግዳ አልወድም። እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር የቤታችንን ግድግዳ በቀይና በነጭ አፈር ስትለቀልቅ፣ አብሬያት እጄን እስከ ክርኔ እየነከርኩ ነው ያደግሁት፤ ምናልባት ከዚያ የመጣ ጠባይ ይሆናል። ስለዚህ ሶዶ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ዓይኔን የወጋው ነገር ጥቁሩ ስክሪን ነበር።

ጥቁሩ ስክሪን የምንለው የመሥሪያ ቤታችን የፋይል ፕሮግራም የሚከፈትበትን መስኮት ነው። ፕሮግራሙ አሮጌ ነው፤ ሥዕል የለው፣ በማውስ የሚነካ ነገር የለው። ትእዛዙን በፊደል ትጽፍለታለህ፣ እሱም በፊደል ይመልስልሃል። ከጸሐፊዋ ጀምሮ እስከ መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ፓስወርዱን የሚያስገባው እዚያ ላይ ነው። ገብቶ የሚያየውም ጥቁር ሜዳና አንዲት የምትርገበገብ ነጭ ሰረዝ ብቻ። ሰው ቀኑን በዚህ ጀምሮ እንዴት ፊቱ ይፈታል?

ፕሮግራሙ ያለበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የምንጠብቀው ሁለት ነበርን፤ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ጠረጴዛዎቻችን ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ከእኔ በዕድሜ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ ነው፤ ቤት ውስጥም ውጭም ከራሱ የማትወርድ ቡናማ ባርኔጣ አለችው። ሥራውን እንደ እሱ የሚያከብር ሰው አላየሁም። ኬብል ሲጠቀልል እንኳ ጸሎት የሚያደርስ ነው የሚመስለው። መኖሪያችንም አንድ ሰፈር ነው። ሚስቱና እኔ ጓደኛሞች ነን፤ በየዓመቱ ለጊፋታ አንድ በሬ ከሚካፈሉት ቤተሰቦች መሐል የእሱም ቤት የእኔም ቤት አለ። ስንት ዓመት እኔ «ኢሻው» እያልኩት፣ እሱ «ሚቼ» እያለኝ ኖረናል፤ ወንድሜ፣ እህቴ ማለት ነው።

እና በበረዶ ተጣላን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ሲቃረብ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ለካ በዓለም ላይ እንደ እኔ ጥቁር ስክሪን የሚከብዳቸው ሰዎች ሞልተዋል፤ በተራ ፊደልና ምልክት ብቻ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይሠራሉ፣ ለየወቅቱ የተለየ። የገናው ላይ የኮከብ ምልክቶች በረዶ ሆነው ከላይ እየተንሳፈፉ ይወርዳሉ፤ መሐል ላይ በጭረት የተሠራ ጥድ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ልቤን ወሰደው። አውርጄ ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት፤ ሰው ጠዋት ፓስወርዱን ሲያስገባ መጀመሪያ በረዶው ትንሽ ይወርድና ከዚያ ፕሮግራሙ ይከፈታል።

የመጀመሪያዋ ተመልካች ጸሐፊያችን ነበረች። የሁምቦ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ዛሬም እዚያ በቆሎ ያርሳሉ። በአማርኛ ወንዴና ሴቴ የሚባለው ነገር ብዙም አያስጨንቃትም፤ አፏ ላይ እንደመጣላት ታወራለች፣ እኛም ለምደነዋል። ስክሪኑን አይታ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«በስመ አብ! በቆሎዋን ጨረሰችው!»

እኛ አገር ከሰማይ ነጭ ሆኖ የሚወርድ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማሳ አውድሞ ይሄዳል እንጂ የበዓል ጌጥ ሆኖ አያውቅም። ሌላው ሰው ግን ወደደው። አንዳንዱ ደግሞ ሊያየው ከፕሮግራሙ ወጥቶ እንደገና ገባ፤ ኮሪደሩ ተንጫጫ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ከምሳ ስመለስ በረዶው የለም።

«አጠፋሁት» አለኝ ባልደረባዬ፤ ዞር እንኳ ሳይል። «ሰርቨር መጫወቻ አይደለም።»

«መጀመሪያ ብትጠይቀኝ ምናለበት?»

«አንቺስ ስትጭኚ መች ጠየቅሽኝ?»

እዚህ ላይ ብንተወው ጥሩ ነበር። የእኔ ምላስ ግን አንዴ ከወጣች መመለሻዋን አታውቅም። «የአንተ ልብ ራሱ ጥቁር ስክሪን ነው፤ ያቺ ሰረዝ እንኳ አትርገበገብበትም!» አልኩት። እሱም «ሥራ የፈታ ሰው ነው በረዶ የሚያዘንበው» ብሎ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገ። ባርኔጣዋ ዝቅ ካለች ንግግር አበቃ ማለት ነው።

ተኮራረፍን። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ወራት አለፉ። ሥራ ደግሞ ያለ መነጋገር አይሆንም፤ ስለዚህ በጥቁሩ ስክሪን መጻጻፍ ጀመርን። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው አጭር መልእክት የሚልክ ትእዛዝ አለ። ክንዴን ብዘረጋ ትከሻውን የምነካው ሰው «የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ» ብሎ ይጽፍልኛል፤ እኔም «መሳቢያ ውስጥ» ብዬ እመልስለታለሁ። ሰላምታ የለ፣ ሚቼ የለ፣ ኢሻው የለ። ጸሐፊያችን ሻይ ይዛ ስትገባ አንዴ የእሱን ጀርባ፣ አንዴ የእኔን ጀርባ ታይና «እዚህ ቤት ሰው ሞቷል እንዴ?» ትላለች።

መጀመሪያ ማን ይናገር? እኔ? ሞቼ ነው! እሱም እንደዚያው ሳይል አልቀረም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ጸሐፊያችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ሰምተሻል? ሰውዬሽ ተዛወረ። ቢጠና ያለውን ቅርንጫፍ ሊይዝ ነው። ከጊፋታ በኋላ ይሄዳል።»

«ምን አገባኝ» አልኩ። ቢጠና ሩቅ አገር አይደለም፤ ጠዋት ተነሥቶ የሚደረስበት ነው። እንደተኮራረፉ መለያየት ነው ሩቁ። ስንት ወር ጀርባውን ሳይ ከርሜ፣ ጭራሽ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊሄድ ነው።

ጊፋታን ለማያውቅ ልናገር። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ከመስቀል ጋር ተጎራብቶ ይመጣል። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር የለም። በእኛ ሰፈር በሬ የሚካፈሉት ቤተሰቦች በሬው ከመጣሉ በፊት ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌ ይነሡና «እዚህ መሐል ቅሬታ ያለው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያለው ይናገራል፣ ይታረቃል፣ ከዚያ ነው ቢላ የሚነሣው። የተጣላ ሰው በአንድ በሬ ዙሪያ አይቀመጥም።

የእኛም ጣጣ እዚህ ላይ ነበር። በወሰን የተጣላ ሰው ለሽማግሌ ይናገራል። በከብት የተጣላ፣ በውርስ የተጣላ ይናገራል። እኔ ምን ልበል? «አባቶቼ፣ ይሄ ሰው በረዶዬን አጠፋብኝ» ልበል? «የት የወረደ በረዶ?» ሲሉኝስ? «ስክሪን ላይ» ልል ነው? እሱስ ቢሆን ምን ብሎ ይከሰኛል? ለሽማግሌ የማይነገር ጥል ተጣልተን፣ ሁለታችንም አፍረን ከረምን። ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍለት ግን «እንግዲህ እዚያ ቆማችሁ ቅሬታ የለንም ልትሉ ነው? በውሸት ላይ በሬ ይጣላል?» አለኝ።

ላናግረው ሞክሬያለሁ። አንድ ሁለቴ ጉሮሮዬን ጠርጌ ዞርኩ፤ ባርኔጣዋን ዝቅ ብላ አገኘኋት። አፌ እምቢ ሲለኝ እጄ ወደሚያውቀው ሥራ ሄድኩ። በዓሉ ሲገባ ሰው ክብ ሠርቶ ዙሪያውን የሚጨፍርበትን የጊፋታ እሳት በጥቁሩ ስክሪን ላይ ልሠራ ተነሣሁ። አሁን ከማንም አላወርድም፤ የራሴን፣ የእኛን ነው። ሊያጠፋው ይችላል፤ የሰርቨሩ ቁልፍ በእጁ ነው። ካላጠፋው ግን አንድ ነገር ተነጋገርን ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

እሳቱ አላስቸገረኝም። በኮከብና በጭረት ተሠርቶ፣ ቀይና ቢጫ እየተፈራረቀ ይነሣል፤ ከዳሞታ ተራራ በኩል ነፋስ የመጣበት ይመስል ጫፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ዳሞታን ራሱን ከኋላ በተጋደሙ ጭረቶች አቆምኩት። የጨፋሪዎቹ ልብስ ላይ ደግሞ ዕድል ቀናኝ። ዱንጉዛ የምንለው የወላይታ የክት ልብስ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው። ቀዩንና ቢጫውን እኔ ቀባሁ፤ ጥቁሩን ስክሪኑ ራሱ ሰጠኝ። ያን ያህል ጊዜ ስሰድበው የኖርኩት ጥቁር ለልብሱ የሚያስፈልገኝ ቀለም ሆኖ ሲገኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ያስቸገረኝ ጭፈራው ነው። የመጀመሪያዎቹ ጨፋሪዎቼ እኩል ዘለው እኩል የሚያርፉ ነበሩ። ጸሐፊያችን ከኋላዬ ቆማ አየቻቸውና «ምንድናቸው፣ ሰልፍ ላይ ያሉ ፖሊሶች?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የወላይታ ጭፈራ ወገብ ነው፤ ወገብ ደግሞ በምን ምልክት ይጻፋል? ብዙ ደከምኩበት። በመጨረሻ በቅንፍ ሆነልኝ። የግራ ቅንፍ፣ የቀኝ ቅንፍ፣ የግራ፣ የቀኝ፤ ቶሎ ቶሎ ሲፈራረቁ ሰውዬው ከወገቡ ይውረገረጋል።

ባልደረባዬ ያን ሰሞን ዕቃ ለማስረከብ ወጣ ገባ ስለሚል ክፍሉ ለእኛ ሆነ። ጸሐፊያችንን ጠርቼ አሳየኋት። ጠጋ ብላ አየች። ሻይዋን አስቀመጠች፣ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋች፣ ከዚያ በፋይል መደርደሪያዎቹ መሐል ጨፈረችልኝ።

«አየሽ? ትከሻ ዝም ትላለች። ወገብ ብቻዋን ነው የምትሄደው። አንቺ ትከሻውንም ነቀነቅሽው!»

ትከሻውን አረጋጋሁት። ቀጥሎ እኔ ጨፈርኩ፣ እሷ አረመችኝ፤ መደርደሪያው ተንቀጥቅጦ ፋይል እስኪወድቅብን ድረስ ሳቅን። በሥራ ሰዓት እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ክቡን ልጨርስ ስል ግን እጄ ቆመ። ከእሳቱ በስተግራ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ቀርቷል። አንድ ጨፋሪ ገልብጬ ልደፍነው እችላለሁ፤ ሥራም አይደል። ግን ክቡ ሞላ ብዬ ራሴን ላታልል ነው? እሱን ልሣለውስ? ሳትጠይቀኝ አጠፋህ ብዬ ተቆጥቼ፣ ሳልጠይቀው ደግሞ ላስጨፍረው? ተውኩት። ክቡ ክፍት ቀረ።

«ጥርሷ የወለቀ አፍ ትመስላለች» አለች ጸሐፊያችን።

«ትቅር» አልኳት። «ቦታው ባለቤት አለው።»

በበዓሉ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ላይ ለቀቅሁት። የመዝገብ ቤት ሠራተኞቹ ገብተው ይወጣሉ፣ ወጥተው ይገባሉ። አንዱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የበዓሉን ሰላምታ «ዮዮ ጊፋታ!» ብሎ ሲጮህ ከሌላው ክፍል ተመለሰለት፤ ከዚያ ሕንፃው በሙሉ ዮዮ ጊፋታ ሆነ። ጩኸቱን ሰምተው ኃላፊያችን ወደ እኛ ክፍል መጡ። ቁጣቸውን የምናውቅ ሁሉ ወደየቦታችን ተመለስን። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ስክሪኑን ብዙ አዩት፤ ከዚያ ወደ ባልደረባዬ ዞሩ።

«ይሄ ነገር ሰርቨሩን አያደክምም?»

አንድ ቃል ትበቃው ነበር። ያደክማል ካለ እሳቱም እንደ በረዶው ነው።

ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረጋት። «አያደክምም፣ ጌታዬ» አለ። «አይታወቀውም እንኳ።»

«እንግዲያው እስከ በዓሉ ይቆይ» ብለው ወጡ። ሲወጡ ወገባቸው አካባቢ አንድ ነገር ነቅነቅ ያለ መስሎኛል፤ ጸሐፊያችን ግን መስሎኛል አትልም፣ ትምላለች።

እሱ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ማክሰኞ ስገባ ክቡ ውስጥ የተውኩት ቦታ ባዶ ነው። ረቡዕም ባዶ ነው። ባለቤቴ ማታ በር ሲከፍትልኝ ከሰላምታ በፊት «ክቡ ውስጥ ገባ?» ይለኛል፤ እኔ «አልገባም» እላለሁ። ሐሙስ ቀን ስክሪኑ ላይ «የኔትወርክ ሣጥኑ ቁልፍ» የሚል መልእክት መጣልኝ። ይሄ ሁሉ እሳት ተቀጣጥሎ ዛሬም ቁልፍ? «መሳቢያ ውስጥ» ብዬ መለስኩለት። የመጨረሻ ንግግራችን ይህቺ ልትሆን ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ዓርብ የመጨረሻው የሥራ ቀን ነበር። በማግስቱ በሬው ዙሪያ ቆመን ልንጠየቅ ነው። ስገባ እሱ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ፓስወርዴን አስገባሁ። እሳቱ ተነሣ። ዳሞታ ብቅ አለ። ጨፋሪዎቹ ጀመሩ። በስተግራ በኩል አንዲት ባርኔጣ አለች።

ባርኔጣ! በሰረዝና በጭረት የተሠራች ባርኔጣ፣ ከሥሯ ሰው፣ ሰውዬው ደግሞ ይጨፍራል፤ ግን ምን ዓይነት ጭፈራ! ሁሉም ወደ ግራ ሲሉ እሱ ወደ ቀኝ፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ሲሉ እሱ ወደ ግራ። ቅንፎቹን ገልብጦ ነው የጻፋቸው፤ በዚያ ላይ ትከሻው ይርገፈገፋል። ዕድሜውን ሙሉ በመዝሙር ላይ ከማጨብጨብ ያላለፈ ሰው የጻፈው ጭፈራ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ሳቄ አመለጠኝ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ።

ዞርኩ። ጀርባውን ሰጥቶ ኬብል ይጠቀልላል። የተጠቀለለውን ኬብል ፈትቶ ነው ደግሞ የሚጠቀልለው።

«ወገብህ ተገልብጧል፣ ኢሻው» አልኩት።

እጁ ቆመ። «እኔ መች ጨፍሬ አውቃለሁ፣ ሚቼ» አለ። ወንበሩን ቀስ ብሎ አዞረው። ፊቱን ከተጣላን ወዲህ እንደዚያ ቀርቤ አላየሁትም፤ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። «በረዶውን ሳልጠይቅሽ ማጥፋት አልነበረብኝም።»

«እኔም ስለ ልብህ ያልኩት...»

«እሱስ ይሁን» አለ። «ግን ያቺ ሰረዝ ትርገበገባለች።»

ጸሐፊያችን በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለችም ትስቃለችም። ወገቡን ላስተካክልለት ብዬ ኮዱን ልከፍት ስል እጄን ለቀም አደረገችኝ። «ተይው! እሷ ናት የምታምረው።» ተውነው።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። በሬው ታስሯል። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና የተለመደውን ጠየቁ። «ቅሬታ ያለው አለ?» እኔና እሱ ተያየን፤ ያን ጊዜ ሳቃችንን መግታት አልቻልንም። ሽማግሌው «ምን ሆናችሁ?» ሲሉ እሱ ባርኔጣዋን አውልቆ ነገሩን ከነበረዶው አንድ በአንድ ተናገረ። ባርኔጣዋን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌው ሳይስቁ አዳመጡት።

«በረዶዋ አሁን የት አለች?»

«ጠፍታለች፣ አባቴ።»

«የማንንም ማሳ አልነካችም?»

«አልነካችም።»

«እንግዲያው ታርቃችኋል» አሉና ቢላውን ጠሩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ሥጋው ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዳጣ የምንለውን የቃሪያ ማባያ አስነክቶ ያጎረሰኝ እሱ ነው፤ ዳጣው ሳይበዛበት አልቀረም፣ አፌ ተቃጠለ፣ እኔም ዳጣ አብዝቼ መለስኩለት። ሚስቱ «እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ ተጣሉ» አለችን።

ከበዓሉ በኋላ ቢጠና ሄደ። የወቅት ጌጥ ወቅቱ ሲያልፍ ይነሣል፤ ካልተነሣ ጌጥነቱ ይቀራል። ስለዚህ እሳቱን አነሣሁ፣ ዳሞታን አነሣሁ፣ ጨፋሪዎቹን አነሣሁ። ባርኔጣዋ ላይ ስደርስ ትንሽ ቆየሁ። እሷንም አነሣሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ከኋላዬ ያለው ጠረጴዛም ባዶ ነው። የሰው ጀርባ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ናፈቀኝ። ቅርንጫፉም በእኛው ሰርቨር ስለሚሠራ፣ ቢጠና ኔትወርክ ባለ ቀን ይጽፍልኛል፤ አሁንማ ሰላምታው ብቻ ስክሪኑን ይሞላዋል።

ገና ሲቃረብ በረዶ የሚባል ነገር ላልነካ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። አንድ ጠዋት ፓስወርዴን አስገባሁ፤ ጥቁር። ከዚያ ከላይ አንዲት ነጭ ኮከብ እየተንሳፈፈች ወረደች። ተከትላ ሌላ መጣች። በስተግራ ጥግ ላይ ባርኔጣዋ አለች፤ ሰውዬው ዣንጥላ ይዟል። በረዶው የሚወርደው በእሱ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ስክሪን ደረቅ ነው። ወገቡ ዛሬም እንደተገለበጠ ነው። ከሥሩ በሰላምታችን የሚጀምር አንድ መስመር ጽፏል፤ «ሳሮ፣ ሚቼ። ቢጠና በረዶ ጀምሯል።»

ቢጠና በረዶ! በዚያ በበጋ ፀሐይ! ጸሐፊያችንን ጠራኋት፤ ሮጣ መጥታ አየች። «ዣንጥላ ያዘች! ጎበዝ!» ብላ አጨበጨበች።

እሷ ስትወጣ ኮዱን ከፈትኩ። ዣንጥላውን ግራና ቀኝ ትንሽ አሰፋሁት። ከሥሩ፣ ከሰውዬው አጠገብ፣ ዱንጉዛ የለበሰች አንዲት ሴት ጨመርኩ። ቅንፎቿንም እንደ እሱ ገለበጥኳቸው።